ራጄ ላይ የታየው ነጭ ነገር

ማክሰኞ ረፋድ፣ ደሴ ፒያሳ፣ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ... ዶክተሯ የተነሳሁት ሲቲ ስካን ላይ አፈጠጠች። ሐኪም ምስል ላይ ሲያፈጥጥ እንዴት እንደሚያስፈራ የደረሰበት ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። መቀስ አጠገቤ እያለ ክር የምበጥሰው በጥርሴ ነው። እማዬ «ተይ» ስትል ኖራለች፤ ማን ሰምቷት! የዛሬ ሁለት ሳምንት የጂንስ ክር ስበጥስ የላይኛው የፊት ጥርሴ ቀጭ አለ... ከድዴ ሥር ተሰበረ። ኒካዬ ደግሞ አሥር ቀን ነው የቀረው! ከዚያን ቀን ጀምሮ አፌን በሻርፕ ሸፍኜ ነው የምሄደው። እጮኛዬን እንኳ ጉንፋን ይዞኛል ብዬዋለሁ።

ዶክተሯ መጀመሪያውኑ ቁርጡን ነግራኛለች። «ከጥርሱ ፊት ያለው አጥንት ከበቃ፣ ሥሩን ነቅለን ወዲያው ኢምፕላንት፣ ሰው ሠራሽ ሥር፣ እንተክላለን፤ ጊዜያዊ ጥርስም እናደርግልሻለን። ከሳሳ ግን ወራት ትጠብቂያለሽ።»

ወራት! ወላቃ ሆኜ ልሞሸር?

ራጅ ማንሻ ክፍሉ ውስጥ ባለሙያው «ብረት ነገር ሁሉ አውልቂ፣ ሻርፑንም» አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ፀጉሬን እንዳያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጉትቻዬን አወለቅኩ፣ ሻርፔን ፈታሁ። እሱም ከኋላዬ ሆኖ «አገጭሽን እዚህ አሳርፊ፣ አፍሽን ግጠሚ፣ እንዳትንቀሳቀሺ» ብሎኝ ወጣ። ማሽኑ ዞረኝ... አለቀ።

እና አሁን ዶክተሯ ምስሉ ላይ አፍጥጣለች።

«ዶክተር፣ ምን አዩ?»

«እዚህ ጋ...» ልክ ከጥርሴ ፊት አንድ ነጭ ነገር ያበራል፤ አጥንቱን ጋርዶታል። «ብረት ይመስላል። አደጋ ደርሶብሽ ያውቃል? ቀዶ ጥገናስ?»

ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ። በልቤ ካንሰር ነው አልኩ፤ ኒካው ቀረ አልኩ... እጄ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስላልቻለ ሻርፔን እየፈታሁ እንደገና ማሰር ጀመርኩ።

አብራኝ የመጣችው እማዬ «ያ አላህ! ዶክተርዬ፣ አይደብቁን» አለች። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «አብሽሪ ልጄ» ትለኛለች፤ እሷ ራሷ ግን ከእኔ ብሳ የሻርፗን ጫፍ ታኝካለች።

«እስቲ ሙሉ ምስሉን ልየው» አለች ዶክተሯ። የራስ ቅሌ ስክሪኑ ላይ ቀስ ብሎ ዞረ... ነጩ ነገር ረዘመ። ቀጭን ነው። አንዱ ጫፉ ሹል ነው፤ ሌላው ጫፉ ላይ ዶቃ የምታህል ድቡልቡል ራስ አለችው።

ዶክተሯ ከስክሪኑ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ከንፈሬ ላይ ቀረ።

ወላሂ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ... የሻርፔ ስፒል ከንፈሬ መሀል ነበረች! አሁንም! ቀኑን ሙሉ ስፒል በከንፈሩ ይዞ የሚሰፋ ሰው፣ መያዙንም አያውቀው። ራጁንም እንዲሁ ይዣት ነው የተነሳሁት፤ ያም ጨዋ ባለሙያ ፊቴን አላየ።

«አንቺ የማትረቢ!» ብላ እማዬ ከአፌ መነጨቀቻት። ዶክተሯ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

እንደገና ተነሳሁ። ባለሙያው በዚህኛው ዙር ፊቱን ከማዞሩ በፊት «አፍሽን ክፈቺ!» አለኝ።

አጥንቴ በቃ፣ አልሐምዱሊላህ! ያኔውኑ ሥሩ ተነቅሎ ኢምፕላንቱ ገባ፤ ጊዜያዊ ጥርሴን አድርጌ ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው እንዳያየው የሸፈንኩት አፍ... አሁን ቤት እማዬ፣ ፋብሪካ አለቃዬ «ክፈቺ!» እያሉ ሲፈትሹት ይውላሉ።