ያየኸውን ንገረኝ፣ የመሰለህን ተወው

ዛሬ ኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው፣ ከኢየሩሳሌም ቅጥር ውጭ ባለው ሰፈር፣ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ገና አዲስ በነበረበት ዘመን፣ ከአገር ቤት የመጣ ተሳላሚ ሁሉ የእማሆይ ወለተ መድኅንን ጥያቄ ሳያልፍ አይገባም ነበር። ምስኪኑ እግሩን እንኳ ሳይታጠብ «እገሌ ሞተ» ካለ አለቀለት። «ሬሳውን አየህ? ማን ነገረህ? የነገረህስ ከማን ሰማ?» ይሉታል። መንተባተብ ሲጀምር «ያየኸውን ንገረኝ ልጄ፣ የመሰለህን ተወው» ይሉታል። ሌሎቹ መነኮሳይያት «ዳኛዋ መጡ» እየተባባሉ ይስቁባቸው ነበር። ይሳቁ፤ ነገሩን ሳያውቁ መሳቅ ቀላል ነው።

እማሆይ ከመመንኮሳቸው በፊት ሸዋረገጥ የሚባሉ የደምቢያ ባላገር ነበሩ። ባላቸው ሞተው፣ በቤት የቀራቸው አንድ ልጃቸው አካሉ ብቻ ነበር። እሱም ኢየሩሳሌምን ልሳለም ብሎ ከጎረቤቱ ከጎሹ ጋር ወጣ። ጎሹ ብቻውን ተመለሰ። «ኢየሩሳሌም ታምሜ ተኝቼ ሳለ፣ በግድግዳው ማዶ ፍትሐት ሲነበብ ሰማሁ። ለማን ነው ብል ለአካሉ ነው አሉኝ። ሳይሻለኝ ከተመላሾች ጋር ጫኑኝ» አለ። ጎሹ ውሸታም አልነበረም፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ ግን ልጇ ሞተ የተባለች እናት መላ ከየት ታመጣለች? ፊታቸውን ነጩ፣ ዳስ ጥለው ተዝካር ደገሱ፣ ቄሱንም ድሀውንም አበሉ።

ዓመታት አለፉ። ሐዘኑ አልለቅ ቢላቸው፣ ቢያንስ መቃብሩን ልሳም ብለው ተሳላሚ ተከትለው ኢየሩሳሌም ገቡ። በከተማው ውስጥ፣ በዴር ሡልጣን ገዳም ያሉትን መነኮሳት «የአካሉ መቃብር የት ነው?» እያሉ ጠየቁ። አካሉ የሚባል ቀብረናል የሚል ጠፋ። የድሮዎቹ አርፈዋል፣ ያሉት አዲሶች ናቸው። እሳቸውም ልጃቸው ከተኛበት አገር ላለመራቅ ሊመነኩሱ ቆረጡ።

የምንኩስናቸው ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ተኝተው፣ ነጠላ ተከናንበው ሳሉ፣ ካህኑ ማንበብ ጀመሩ። ሸዋረገጥ ጆሯቸውን አላመኑም። የሚነበበው ፍትሐት ነው፤ የሙት ጸሎት! የሚመነኩስ ሰው ለዓለም ሞቷልና በቁሙ ፍትሐት ይነበብለታል፤ እሳቸው ግን በአገራቸው ማንም ሲመነኩስ አይተው አያውቁም፣ የነገራቸውም የለም። ከነጠላው ሥር ሆነው የጎሹን ቃል አስታወሱ። ጎሹ የሰማው ይህንን ቢሆንስ? ጎሹ ድምፅ ሰማ እንጂ ሬሳ መቼ አየ?

ያን ቀን ከተነሡ በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ። አሁን የሚፈልጉት መቃብር ሳይሆን ልጅ ነው። መነኩሴ የዓለም ስሙን ጥሎ ስለሚኖር፣ ድሮ አካሉ የነበረውን የሚያውቅ ሽማግሌ ብቻ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያሉ ጠበቁ። ለትንሣኤ በዓል በዮርዳኖስ በረሃ የሚኖሩት አረጋዊ አባ ወልደ ሩፋኤል መጡ፤ እማሆይም እግራቸው ላይ ወድቀው፣ መቼ እንደመጡና አካሉ የሚባለውን እንደሚፈልጉ ነገሯቸው።

«አካሉ? የደምቢያው? ያመነኮስኩትማ እኔ ነኝ። ገብረ ወልድ ተብሎ ነበር» አሉ አባ።

«ነበር?»

«ዐረፈ፣ እማሆይ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ባለው ዐቢይ ጾም። ለመሆኑ ምንዎ ነው?»

«እናቱ ነኝ።»

አባ ወልደ ሩፋኤል ደነገጡ። «እናቱማ ሞታለች! እኔ ነኝ ያስተዛዘንኩት። መመንኮሱን የሚነግራት፣ ነይ ብሎም ቃል የሚልክበት ሰው ሲፈልግ፣ በደምቢያ ያለፈ ተሳላሚ መጣ። በእናትህ ደጅ ዳስ ተጥሎ ተዝካር ሲበላ በዓይኔ አየሁ አለው። መንገደኛ ነበርና ቤቱን አልረገጠም። ገብረ ወልድም በዚያ ቤት ከእሷ በቀር ማን አለ ብሎ አለቀሰ። ቃሉንም ሳይልክ ተወው።»

እማሆይ የጣሉትን ዳስ አስታወሱ።

«የራሱ ተዝካር ነው፣ አባቴ» አሉ። «የደገስኩት እኔ ነኝ።»

አባ ወልደ ሩፋኤል እጃቸውን ይዘው ወደ መቃብሩ ወሰዷቸው። ያልተጠረበ ድንጋይ ብቻ ነበር።

«አልቅሱ እማሆይ፣ ይውጣልዎ» አሏቸው።

እማሆይ ተንበርክከው አፈሩን ዳሰሱ፤ እንባ ግን አልመጣም።

«ልጄ በሕይወት ሳለ አልቅሼ ጨረስኩት» አሉ። «አሁን ለሞቱ የሚሆን ምን ቀረኝ?»