ዜማው ብቻ የቀረለት

ሙዚቃዊ ተውኔት ከሚወድ ሰው መሀል «ወፌ»ን የማያውቅ አልነበረም። ድምፁ ማር ነው፤ እግሩም መሬት የሚነካ አይመስልም። አንጥረኛ ሆኖ በተጫወተበት ተውኔት ምርጥ ተዋናይ ተብሎ ሲሸለም፣ ዋንጫውን ወስዶ ያስታቀፈው ሚስቱን ነው። እሷ እዚያው ቲያትር ቤት ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው ሹክ የምትል ሠራተኛ ነበረች። «እኔ ስጫወት ሥራ ፈት ነሽ» እያለ ይቀልድባታል። እውነቱን ነው፤ አንዲት ቃል ስቶ አያውቅም።

ከሽልማቱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ማታ ንግግሩ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሚስቱ ሹክ አለችው። ደገመችለት። ፊቱን ወደ መጋረጃው አዙሮ ጮክ ብሎ፣ «ምን አልሽኝ?» አለ። ተመልካቹ የተውኔቱ ቀልድ መስሎት በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ቃሉን ለሦስተኛ ጊዜ ሹክ አለችው።

ከዚያ ወዲያ ንግግሩ እንደ አሮጌ ግንብ ይናድ ጀመር። ዜማው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ሙዚቃው ሲነሳ ስንኙ ሁሉ ሳይዛነፍ ይወርድለታል። አዘጋጁ ንግግሩን እየቀነሰ ዘፈኑን ብቻ ተወለት። በኋላ ዘፍኖ ሲጨርስ መውጫው ይጠፋው ጀመር፤ መብራት እስኪጠፋ መድረክ ላይ ይገተራል።

አዘጋጁ እያፈረ፣ «እትዬ፣ ጋሼን ከዚህ በላይ ማቆየት ግፍ ነው» አላት።

«አውቃለሁ ወንድሜ» አለች።

የመረመረው ሐኪምም፣ «መድኃኒቱ መርሳቱን ቢያዘገየው ነው እንጂ የሄደውን አይመልስም» ብሎ አሰናበታት። ቤት ውስጥ ውሃ ሲጠማው «ያ... ያ ነገር» እያለ አየር ይጨብጣል። ሲጨንቃት በዜማ ታናግረዋለች፤ «ተነሳ፣ ልብስህን ልበስ» ብላ ታዜማለች። እሱም ዜማውን አሳምሮ ይቀበላትና ልብሱን ይረሳዋል።

ባለፈው ሰሞን ያው የአንጥረኛው ተውኔት በሌላ ተዋናይ እንደገና ሲታይ ተጋበዙ። እሷ «ይቅርብን» ብላ ነበር፤ ልጃቸው ግን «እማዬ፣ ደስ ይለዋል» ብላ ወተወተቻት። ከፊት ረድፍ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። አዲሱ አንጥረኛ ዘፈኑን ሲጀምር ወፌ ብድግ ብሎ አብሮ አዜመ። ሚስቱ እጅጌውን ይዛ ጎተተችው፤ አልቻለችውም። ወጣቱ ተዋናይ ዘፈኑን ትቶ ለእሱ ለቀቀለት። ሲጨርስ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ።

ልጅቱ እንባዋን እየጠረገች፣ «አየሽ እማዬ፣ እየተሻለው ነው እኮ!» አለች።

ወፌ ተቀመጠና ሚስቱን አተኩሮ አያት። ከዚያ በትሕትና፣ «ይቅርታ እመቤት... ይሄ ወንበር ሰው አለው። ሚስቴ ትመጣለች» አላት።

«እሺ» ብላ ተነሳችለት፤ የቀረውን መተላለፊያው ላይ ቆማ አየች።