ከነጭ ሸማው ላይ የጎደለው መፍቻ

በቀብራቸው ዕለት፣ ከድንኳኑ መካከል ቆሞ የተናገረው ሰው «ጎንደር በሙሉ የሚወዳቸው» ሲል ጥርሴን ነከስሁ። ከጎኔ የተቀመጠው የማኅበራችን ሰብሳቢ አንገቱን እየነቀነቀ እንባውን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። ይህ ሰው፣ ሟቹ ከሥራ በተባረሩበት ወር፣ በደጃቸው ላለማለፍ የቁስቋምን አቀበት በሌላ በኩል ይዞር የነበረ ነው። እኔም ከእርሱ አልሻልም። ዓመታት አልፈዋል፤ ንዴቴ ግን አልበረደም፤ የምጽፈውም ስላልበረደ ነው።

ሟቹ፣ ሁላችን «አያ» የምንላቸው፣ የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ሙያውን በወጣትነታቸው ከጣሊያኖች ጋራዥ ጀመሩት፤ ጠላት ከወጣ በኋላም አዲስ አበባ ሄደው ተምረው ተመለሱ። አዘዞ ሜዳ ላይ የምታርፈውን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን መርምረው «ትነሣ» የሚሉት እርሳቸው ነበሩ። ከብቱ ከሜዳው ተነድቶ አውሮፕላኗ ስታርፍ፣ ከደጋ ለገበያ የወረደው ገበሬ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ያያል። አንድ ቀን ከዳባት የመጣ ባላገር፣

«አያ፣ ይቺ ምን ትበላለች?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እስካሁን የበላችው የእኔን ግራ ጆሮ ነው። በቀኝ ዞረህ ተናገር።»

ሰውዬው ዞረና፣ «ሸጋ! አንዱን ለሚስትዎ ካተረፈችልዎ ምን ጎደለ?» አላቸው። ይህን ቀልድ ለስንት ሰው ሲያወሩት ሰምቻለሁ።

በሥራቸው ግን ቀልድ አልነበረም። ሞተሩን ከመክፈታቸው በፊት ከሣሩ ላይ ነጭ ሸማ ያነጥፋሉ፤ እያንዳንዱን መፍቻ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ በየቦታው ይደረድራሉ። ሥራው ሲያልቅ፣ ሁሉም ወደ ሸማው ካልተመለሰ የሞተሩን ክዳን አይዘጉም፤ ወረቀቱንም አይፈርሙም። ሞተር ውስጥ የተረሳ አንድ ብረት ሰማይ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ሸማው ዘይት ከመጥገቡ የተነሣ፣ መሣሪያዎቹ ሲነሡ እንኳ የእያንዳንዳቸው ጥቁር ቅርጽ ታትሞ ይቀር ነበር።

ከአውሮፕላኗ ቀጥሎ የሚወዱት ማኪናቸውን ነበር፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ ጣራው ሸራ የሆነ አሮጌ ማኪና። አራዳ ከአንድ ነጋዴ ግቢ፣ ዶሮ ሲፈለፈልበት አግኝተውት፣ በስንት ዓመት ልፋት አስነሥተውታል። ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ነበር እላለሁ፤ ባለቤቴ ሰማያዊ ነበር ትል ነበር። ወደ ፒያሳ ሲወርድ ሳናየው በድምፁ እናውቀዋለን። ምጥ የያዛት ሴት፣ የታመመ ቄስ፣ ሙሽራ፣ ሁሉም በዚያ ማኪና ተጭኗል።

እኔም ሙሽራ ሆኜ የተጫንሁት በእርሱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ፣ በከተማው ትምህርት ቤት ታሪክ ማስተማር በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር፣ በዕለተ እሑድ። ፒያሳ ልንደርስ ስንል ሞተሩ ጠፋ።

«ምነው አያ፣ ሰማዩን ለምደው መሬት አስጠላዎት?» ብለው ሚዜዎቼ አላገጡ።

እርሳቸው በነጭ ልብሳቸው ወረዱ፤ እኔም ተከትዬ ወረድሁ። ኮፈኑን ከፍተው፣ ከኪሳቸው አጭር መፍቻ አውጥተው የላላውን የባትሪ ጫፍ አጠበቁ። «ያዝልኝ» ብለው መፍቻውን ሰጡኝና እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እኔ ከኮቴ ኪስ ከተትሁት። ሞተሩ ተነሣ፤ ዘፈኑ ቀጠለ። መፍቻው የሸማው መፍቻ ነበር። እስከማውቀው ድረስ፣ ከሸማው አንሥተው ከአውሮፕላን ሜዳው ውጭ የተገለገሉበት በዚያ ቀን ብቻ ነው፤ ለእኔ ሠርግ ሲሉ።

ነገሩ የመጣው በሦስተኛው ቀን፣ እኔ ጫጉላ ሳለሁ ነው። በእኛ አገር ሙሽራ ከጫጉላ አይወጣም፤ ክፉ ወሬም አይነገረውም። ሚዜዬ ግን ወሬ አፉ ውስጥ የማያድርለት ሰው ነበር።

«አንተ እዚህ ዶሮህን ብላ፤ ከተማው ተረብሿል» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«አያ አውሮፕላኗን አላስነሣም አሉ። ከአዲስ አበባ የመጣውን ትልቅ ሰው ፀሐይ ላይ ገትረው፣ አንድ መፍቻ ከሸማዬ ጎድሏልና ሞተሩን ሳልፈትሽ አልፈርምም አሉት።»

«ታዲያ ተገኘ?»

«ምን ይገኛል! ሞተሩን አንጀቱ እስኪታይ ፈቱት፤ የለም። ደመናው ወረደና ሰውዬው አዘዞ ሊያድር ነው። ያልጠፋ ዕቃ ጠፋ ብሎ ናቀኝ እያለ ይፎክራል።»

እዚህ ላይ ትዝታዬ ይከዳኛል፤ ወይም እኔ እከዳዋለሁ። እኔ የማስታውሰው መፍቻውን ከብዙ ሳምንት በኋላ፣ የሠርግ ኮቴን ለብሼ ትምህርት ቤት ስሄድ ኪሴ ውስጥ እንዳገኘሁት ነው። ባለቤቴ ግን እስክትሞት ድረስ ሌላ ነበር የምትለው። በሠርጉ ማግስት ኮቱን ስትቦርሽ አግኝታው «ምንድነው?» ስትለኝ፣ «የአያ ነው፤ ስወጣ እመልስላቸዋለሁ» ብያታለሁ። የእርሷ እውነት ከሆነ፣ ሚዜዬ ያን ሁሉ ሲያወራ መፍቻው ከፊቴ፣ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ኪሴ ውስጥ የነበረው ብረት ቢወጣ፣ ዕቃው በእርግጥ መጥፋቱና ነገሩ ንቀት አለመሆኑ ይታወቅ ነበር። አልወጣም። እርሳቸውም በወሩ ከሥራ ተባረሩ። የመንግሥትን መሣሪያ ለግል ማኪና አውጥተዋል ተብለው እንዳይከሰሱ ነው ዝም ያልሁት እያልሁ ራሴን ስደልል ኖሬአለሁ። ያን የመምረጥ መብቱ የእርሳቸው ነበር። እኔን ማን ዳኛ አደረገኝ?

ዐሥራ ሁለት ሆነን የምንጠጣው የሚካኤል ማኅበር ነበረን፤ እኔ የገባሁት በሟች አባቴ ቦታ ነው። በየወሩ አንዱ ይደግስና፣ ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ያስረክባል። በተባረሩበት ወር ደጋሹ እርሳቸው ነበሩ፤ ጽዋውን የምቀበላቸው ደግሞ እኔ። ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሰብሳቢያችን በትምህርት ቤቱ በር አስቆመኝ።

«ዘንድሮ አያ ቤት ሰው ባይበዛ ይሻላል።»

«ምነው?»

«ምነው ትላለህ? ትልቅ ሰው አስቀይመው! አንተስ ነገ ወደ በረሃ ብትዛወር ሙሽራህን ለማን ትተዋለህ?»

«ሚካኤልስ?»

«ሚካኤል ይረዳናል። እርሱን ማን ይሽረዋል?»

ሳቅሁ። ሌላው ሁሉ ቢያጠራጥረኝ፣ መሳቄን አልጠራጠርም። በበዓሉ ቀን «አሞኛል» ብዬ ላክሁ። ከንስሐ አባታችን በቀር አንድ ሰው አልሄደም። ዳቦውና ጠላው ለየኔ ቢጤ ታደለ፤ ጽዋው እዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ መካኒኩ የደጋውን የወፍጮ ሞተር እየጠገኑ ኖሩ። በዚያው ማኪና እስከ ደባርቅ ይወጣሉ፤ ገበሬው መርቆ አይጠግባቸውም። ዓመት ሳይሞላ የከተማችን ሰው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሙሽራውንም በሽተኛውንም ወደ ደጃቸው ማምጣት ጀመረ። እርሳቸውም ጫኑ። ይሄ ነው «ይወዳቸው ነበር» የሚባለው! እኔን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እንደምን ነህ መምህር?» ብለው ማኪናውን ያቆሙልኛል። ስለ መፍቻው አንድም ቀን አላነሡም።

ከቀብር መልስ ሰብሳቢው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጽዋው እስካሁን እዚህ ቤት ነው። ተረኛው አንተ ነበርህ፤ ግባና ተቀበል።» ያን ሁሉ ዓመት በተዋስነው ጽዋ ስንጠጣ ኖረናል።

ገባሁ። ባለቤታቸው ጽዋውን በዚያ ሸማ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ለቀብሩ ስወጣ ይዤው የወጣሁትን መፍቻ ከኪሴ አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ጽዋውን ፈትተው ሸማውን መሬት ላይ ዘረጉት። ስንት ጊዜ ቢታጠብም ጥቁሮቹ ቅርጾች አልለቀቁም። መፍቻውን ከአጭሩ ቅርጽ ላይ አኖሩት፤ ልክ ገጠመ።

«አንተ ዘንድ መሆኑን፣ አውሮፕላኗ በቀረች ማግስት አስታውሰውት ነበር» አሉኝ። «ደጃችሁ ድረስ መጡ። ዘፈኑን ሲሰሙ፣ ሙሽራ ከጫጉላ አይጠራም ብለው ተመለሱ። ሲወጣ ያመጣዋል አሉ። ቀጥሎም፣ በሚካኤል ለጽዋው ሲመጣ ያመጣዋል አሉ። እኔ ሄጄ ልጠይቀው ብል አስማሉኝ።»

«ለምን አልጠየቁኝም? አንድ ቃል ቢናገሩ ምን ነበረበት?» ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በፊት አፈር ባለበስናቸው ሰው ላይ ነበር የምጮኸው።

«ምነው ልጄ፣ ጥፋተኛው እርሳቸው ሆኑ?»

መፍቻውን በጣታቸው ነኩት። «መቼ አገኘኸው?»

«አላስታውስም፣ እትዬ።»

«የነገሥታቱን ዘመን ለሰው ልጅ ታስተምራለህ አይደል? ይችን አንዲት ቀን አታስታውስም?» ጽዋውን መልሰው ታቀፉት። «ቀኗን ስታስታውስ መጥተህ ትወስደዋለህ።»

ባዶ እጄን ወደ ድንኳኑ ተመለስሁ።

«የታለ?» አለ ሰብሳቢው።

«አልሰጡኝም።»

«ተዋቸው፤ ሐዘን ነው። ሌላ እናሠራለን» አለና ወደ ጨዋታው ዞረ። አያ በአንድ ሠርግ ላይ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ኮፈን እንዴት እንደከፈቱ ነበር የሚያወራው፤ በእኔ ሠርግ።

«መፍቻው እኔ ዘንድ ነበር!» ብዬ ጮኽሁ። «እኔ ዘንድ ነበር፤ እናንተም ከደጃቸው ሸሻችሁ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ይወዳቸው ነበር፣ ሐዘኑ ጎድቶት ነው» አለ ሰብሳቢው ለአጠገቡ ሰው፤ አንድ ሰውም ተነሥቶ በጣሳ ውኃ አመጣልኝ። ጠጣሁት።