ከኤደን የመጣችው ላንድሮቨር

ዙሌካ ባሏ መኪና ይዞ እንደሚመጣ የሰማች ዕለት ደስ አላላትም። ወሬውን ያመጣላት አሰብ ደርሶ የተመለሰ ያገሯ ልጅ ነው። “ኑሪ ደህና ነው። ጠቅልሎ ሊገባ ነው። ላንድሮቨር ገዝቷል” አላት። መካኒሳ አቦ ጀርባ፣ የገበሬዎቹ ማሳ ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ ያለችው ቤቷ ደጅ ቆማ ሰማችው። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ “ይቺን መኪና ከሰው ዓይን የት ይደብቃታል?” የሚል ነበር። ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ሰው ደህና ጫማ አድርጎ በቀበሌ ፊት ለማለፍ የሚያመነታበት ጊዜ።

ኑሪ ኤደን የሄደው ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ነበር። እንግሊዞች ከተማዋን በያዙበት ዘመን መኪና አጣቢ ሆኖ ጋራዥ ገባ፤ እነሱ ሲወጡ እሱ መካኒክ ሆኖ ቀረ። አልፎ አልፎ እየመጣ ቤተሰቡን አይቶ ይመለሳል። ኋላ የዚያ አገር መንግሥት መኪና ሁሉ ቀኙን ይዞ ይነዳ ሲል፣ መሪያቸው በቀኝ በኩል የሆኑት የእንግሊዝ ጊዜ መኪኖች ፈላጊ አጡ። ኑሪ ከእነሱ አንዷን መረጠ፤ አሸዋ የመሰለች፣ ያረጀች፣ ግን አጥንተ ጠንካራ ላንድሮቨር። ሌላው ከባሕር ማዶ ሲመለስ ጨርቅና ራዲዮ ይዞ ይገባል። የእሱ ምኞት ሌላ ነበር። ስልጤ ያለው የእናቱ ቤት ከዋናው መንገድ ይርቃል፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ያወርድና የቀረው ወንዝና ዳገት ነው። ለአረፋ ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ እናቱ አጥር ድረስ መግባትን ሲያልም ነው የኖረው።

ቀረጥና ፈቃድ ሲል አሰብ ላይ ከርሞ፣ ከጭነት መኪኖች ኋላ ተሰልፎ በረሃውን አቋረጠ። በየኬላው ወታደሮች “የማን ናት?” ይሉታል። “የራሴ” ይላል። “የራስህ?” ብለው እንደገና ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል።

መካኒሳ የደረሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰፈሩ ወጣ። ከአጥር ማዶ የሚኖረው ገበሬ በንቲ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና ጎማዋን በእግሩ ነካ አደረገ።

“መሪዋን ያለ ቦታዋ ተክለዋታል እኮ” አለ እየሳቀ።

ሚስቱ አማከለችም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ዙሌካ አብራ ፈገግ አለች እንጂ ዓይኗ ከአጥሩ ወዲያ ነበር። አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ሳይስቅ፣ ከሰው ተነጥሎ ቆሟል።

ወሩ ሳይሞላ በንቲ ከገበሬ ማኅበር ስብሰባ ሲመለስ አጥሩን ተደግፎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ኑሪ፣ ተራራ የሚወጡ መኪኖች ለዘመቻ እየተሰበሰቡ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ላፍቶ ያለ አንድ ሰውዬ ትናንት ተወስዶበታል። ከነሹፌሩ ነው የሚወስዱት አሉ” አለው።

ዙሌካ ከሁሉ የፈራችው “ከነሹፌሩ” የሚለውን ቃል ነው። መኪናዋ ብትሄድ ትሂድ። ኑሪ ግን ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ ኖሮ ገና እግሩን ቤቱ ማስገባቱ ነው። እንዳትነሣ አድርጋት እያለች ስትለምነው ዋለች። በመጨረሻ ኮፈኑን ከፈተና ኤሌክትሪኩን ለሞተሩ ካንዴላዎች የምታከፋፍለውን፣ ያለ እሷ መኪናዋ የማትነሣውን፣ መዳፍ የማትሞላ ዕቃ ነቅሎ ሰጣት። እሷም በጨርቅ ጠቅልላ ዱቄት ጆንያ ውስጥ ቀበረቻት።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ግዛው ካኪ ከለበሱ ሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ግዛው ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሁን ሽጉጥ ይታጠቃል። ከካኪዎቹ አንዱ ቁልፉን ተቀብሎ ሞከረ። መኪናዋ አጉረመረመች እንጂ አልተነሣችም።

“ተቃጥላለች” አለ ኑሪ። “መለዋወጫዋ እዚህ አገር የለም።”

“ከኤደን ድረስ መጥታ ልክ እዚህ ስትደርስ ሞተች?” አለ ግዛው።

“አሮጌ ናት። እዚህ መድረሷም ገርሞኛል።”

ግዛው መልሱን ትቶ ዙሌካን አያት። በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። ብዙ ቆይቶ “እንሂድ” አለ።

ከዚያ ወዲያ ዙሌካ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቃት። ራዲዮው በየቀኑ ስለ አሻጥረኞች ያወራል፤ እሷ ደግሞ ዱቄት በጨለፈች ቁጥር እጇ ጨርቁን ይነካዋል። ውሻ ሲጮህ ተነሥታ በበሩ ቀዳዳ ታያለች። ልጆቹ እንዳያወሩ ተቆጣች፤ መቆጣቷ እንዳያሳብቅባት ደግሞ ፈራች። አረፋ ሲደርስ በአውቶቡስና በእግር አገር ቤት ገብተው ተመለሱ።  ከመጡ በኋላ ኑሪ አንዳንድ ዓርብ ከስግደት ሲመለስ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ መሪው ጋ ይቀመጣል። ዙሌካ “ሰው ያይሃል፣ ውረድ” ትለዋለች።

በክረምቱ የአማከለች ምጥ ክፉ ሆነ። የሰፈሩ አዋላጅ እጇን ብታነሣ በንቲ ማለዳ በዝናብ እየሮጠ መጣ። መኪናዋ ሞታለች ሲባል ስለሰማ ስለ እሷ ቃል አልተነፈሰም። የመጣው ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ፍለጋ ነው። ወንዙ ሞልቷል፤ የዋልካው ጭቃ ጉልበት ድረስ ይውጣል፤ ታክሲ የሚገኘው ከአስፋልቱ ላይ ነው።

ዙሌካ አጥሩን ተሻግራ አማከለችን አየቻት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ሰው ግን አያይም። ዙሌካ ተመልሳ ወጣች። ቤት ስትገባ ኑሪ ቃሬዛ ሊሸከም ቦት ጫማውን እያሰረ ነበር። ጆንያውን ፈታች፣ ጨርቁን አወጣችና ዱቄቱን ሳታራግፍ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

አቀርቅሮ አየው። “ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ አይደል?”

“አውቃለሁ። ቶሎ በል።”

ላንድሮቨሯ ተነሣች። ዋልካውን እየቆፈረች፣ ወንዙን ውሃው ከበሩ ሥር እየገባ ተሻገረች። ዙሌካ ከኋላ የአማከለችን ራስ ጭኗ ላይ ይዛለች፤ በንቲ እግሯን ይዟል። ከወንዙ ማዶ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በቀበሌው ፊት ያልፋል። የዚያን ቀን ኅብረት ሱቁ ስኳር ስለሚያድል ሰው ተሰልፏል። ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ግዛው በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ዙሌካ አየችው፤ እሱም አያት። የመኪናዋ ጭቃ የቀበሌው ግድግዳ ላይ ተረጨና አለፉ።

ሆስፒታል እንደ ደረሱ አማከለችን ቀዶ ጥገና አስገቧት። ኮሪደሩ ላይ በንቲ ወደ ኑሪ ዞረ።

“ሞታለች አላልክም ነበር?”

“ብዬ ነበር” አለ ኑሪ።

 ሁለቱም ወለሉን እያዩ ቆሙ። ወደ ቀትር ገደማ ነርሷ ወጥታ እናትም ልጅም መትረፋቸውን ነገረቻቸው። ልጅቷን ኋላ ደራርቱ አሏት።

ዙሌካ ቤቷ ስትገባ ለኑሪ ብርድ ልብስና ስንቅ ቋጠረች። ቋጠሮውን በሩ አጠገብ አኖረችው፤ ሰው ሲያስሩ ዕቃ እንዲይዝ ጊዜ አይሰጡም ሲባል ሰምታለች። ያን ቀን የመጣ የለም። በማግስቱም የለም። ሳምንት አለፈ። በሶው እንዳይሻግት እየፈታች መልሳ ትቋጥራለች። ኑሪ መብላት አቆመ። ቢይዙት ይሻል ነበር እስከማለት ደረሰች። በመጨረሻ ለባሏ ሳትነግር ነጠላዋን አጣፍታ ቀበሌ ሄደች።

ግዛው ሲያያት ክፍሉ ውስጥ የነበሩትን አስወጣና በሩን ዘጋ።

“ማን ላከሽ?”

“ማንም። ጥፋቱ የእኔ ነው ልልዎት ነው። ባሌን ከሚወስዱት...”

“ዝም በይ” አለ። ድምፁ ሹክሹክታ ነበር። “ለበላይ አካል ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ሬሳ ናት፣ በዓይኔ አይቻታለሁ አልኩ። አሁን ትነሣለች ብዬ ብሄድ መጀመሪያ ‘ምን በልተህ ዋሸኸን?’ የሚባለው ማን ይመስልሻል?”

ዙሌካ ቀና ብላ አየችው። ይህን እያለ የተዘጋውን በር መልሶ መልሶ ያያል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህ ሰው እንደ እሷ ሌሊቱን ዓይኑን አፍጥጦ የሚያድር አይመስላትም ነበር።

“ሰልፉ ላይ የነበረው ሁሉ አይቷል” አለችው።

“ያየው የበንቲን ሚስት ነው። እሷ ላይ አፉን የሚከፍት እዚህ ሰፈር የለም። ግን ስሚ። ያቺ መኪና ሁለተኛ አትነሣም። የራስሽ ልጅ ቢታመም እንኳ። ገባሽ?”

“ገባኝ።”

ለኑሪ የተባለችውን ነገረችው። ከዚያ ተነሥቶ አራቱንም ጎማ ፈትቶ መኪናዋን ድንጋይ ላይ ሰቀላት። ያቺን ትንሽ ዕቃ የት እንዳደረሳት አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ላንድሮቨሯ በዚያው ቀረች። ኑሪ ንፋስ ስልክ አንድ ጋራዥ ተቀጠረ፤ በእግሩ እየሄደ፣ በእግሩ እየተመለሰ የሰው መኪና ይጠግናል። እናቱንም እስክትሞት ድረስ በአውቶቡስና በበቅሎ ነበር የሚጠይቃት። አንድ ክረምት የበንቲ አባት አባ ቱሉ ሲታመሙ በቃሬዛ ይዘዋቸው በዙሌካ አጥር ሥር አለፉ። ኑሪ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። በንቲ ድንጋይ ላይ ወደ ተሰቀለችው መኪና ዞር አላለም፤ እንዳላየ ሆኖ እንደሚያልፍ ለዙሌካ ገብቷታል። ሽማግሌው አስፋልቱ ጋ ሳይደርሱ ዐረፉ። ለቅሶው ላይ በንቲ ኑሪንና ዙሌካን እንደ ወትሮው አጠገቡ አስቀመጣቸው። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ፣ ሽንኩርት እየላጠች ወይም ልጆቿን እያጠበች ሳለች፣ የዚያ ቃሬዛ ድምፅ ድንገት ይመጣባታል።

መንግሥት ሲለወጥ የመኪናዋ ወለል ዝጎ ሣር በቅሎበት ነበር። ኑሪ ዕቃዋን እየፈታ ለሚሸጥ የለቡ ነጋዴ ሊሰጣት ተስማማ። ነጋዴው የመጣ ቀን ኑሪ ሥራ ላይ ነበር። ዙሌካ ከጓዳ ሆና ከባድ መኪና በሯ ላይ ሲቆም ሰማች፤ የወንዶች ድምፅና የብረት ኳኳታም ተከተለ።   ማን እንደሆኑ እያወቀች፣ ያን ጊዜ የመጡት ካኪ ለባሾች መስለዋት ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። ከዚያ ወጥታ በሩን ራሷ ከፈተችላቸው።