ግጥም ለስኳር፣ ታሪክ ለጨው

በዕድሜዬ መጽሐፍ ያነበብኩበት ዓመት አንድ ብቻ ነው። ሌላው ዓመት ሁሉ ሥራ ነበር፣ ልጅ ማሳደግ ነበር፣ ሕመም ነበር። ያቺ አንዷ ግን የራሴ ናት። ለሰው ሳወራ ይስቃሉ። «እሱ መጠቅለያ ነው እንጂ መጽሐፍ ነው እንዴ?» ይሉኛል። «ደግሞ የልጆች!» ብለው ይጨምሩበታል። ይበሉ። እኔ ዛሬ በእርጅናዬ የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሳለች፣ ከገበያው ከፍ ብሎ በሚገኝ አንድ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ አራት ወይም ሃያ አምስት ቢሆን ነው። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው። ዳዊት ጀምሬ ሳልጨርስ አባቴ ሞተ፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት የሚባል አልነካሁም። ባለሱቁ መካ ደርሰው የተመለሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይናገራሉ፣ ሲቆጡ ግን በኦሮምኛ ብቻ ነው። ቁርዓን ይቀራሉ፤ የእኛን ፊደል ግን አያነቡም ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

ያኔ ፌስታል የሚባል ነገር የለም። ዕቃ ሁሉ የሚሸጠው በወረቀት ተጠቅልሎ ነው። ወረቀቱን እንደ ቀንድ ታሾለዋለህ፣ ጫፉን ታጥፈዋለህ፣ ትሞላለህ፣ ከላይ ትከድናለህ። የእኔ ሥራ ይኸው ነበር። ወረቀቱ የሚመጣው ከየመሥሪያ ቤቱና ከየትምህርት ቤቱ የተጣለ መዝገብ፣ ጋዜጣ፣ አሮጌ መጽሐፍ ሆኖ በካርቶን ነው። ሐጂ ለወረቀት አንድ ሕግ ነበራቸው። የጎባ ጭጋግ ስኳር ያረጥባል፤ ስኳር ሲረጥብ ደግሞ የጽሕፈቱን ቀለም ይልሳል። ስለዚህ ጽሕፈት የበዛበት ወረቀት ለጨው፣ ለሽምብራና ለሚስማር ይሆናል፤ ነጩ የሚበዛበት ለስኳር። ነጩ የሚበዛበት ደግሞ ግጥም ነው። መሥመሩ አጭር ነው፣ ዳርና ዳሩ ባዶ። ሐጂ ባያነቡትም በዓይናቸው ይለዩታል።

«ግጥም ለስኳር፣ ታሪክ ለጨው» ይሉኝ ነበር። «እንዳትሳሳት።»

አንድ ቀን ከአንድ ትምህርት ቤት የተጣለ ትልቅ ካርቶን መጣ። ስከፍተው መጽሐፎቹ ሽፋን የላቸውም፣ የአንዳንዱም ጀርባ ተገንጥሏል። በአንዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ለወጣት አንባቢያን» ይላል። ልብ ወለድ አለ፣ ግጥም አለ፣ ከቤቱ ስለጠፋ ልጅ፣ ባሕር ስላየ ልጅ። እኔ ከባሌ ወጥቼ አላውቅም። ሐጂ ለዙሁር ሶላት ሲሄዱ ከጨው ጆንያዎቹ ኋላ ተቀምጬ አንዱን፣ ከቤቱ የጠፋውን ልጅ ታሪክ፣ ገለጥኩ። ጣቴን ከመሥመሩ ሥር እያስኬድኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው የማነበው። ሐጂ ሲመለሱ ሁለት ገጽ ጨርሼ ነበር። ልጁ ገና ከቤቱ አልወጣም። እኔ ግን ወጥቼ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሥራዬ ከበደኝ። አንድ ገጽ ቀድጄ ጨው በጠቀለልኩበት ቁጥር ያ ልጅ በሰው ቅርጫት ውስጥ ተኝቶ ሲሄድ ይታየኛል። ሳምንት ያህል እንዲሁ እየቀደድኩ ሰነበትኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ሐጂ «ቅደድ እንጂ!» ሲሉኝ፣ ከአፌ አመለጠኝ።

«ያላነበብኩትን አልቀድም።»

ሐጂ ሚዛኑን እንደያዙ ዞረው አዩኝ። «ምን አልክ?»

«ያላነበብኩትን አልቀድም፣ ሐጂ። ያነበብኩትን ግን የፈለጉትን ያህል እቀድዳለሁ።»

«የቀጠርኩህ ለመጠቅለል ነው ለመቅራት?»

«ለመጠቅለል ነው። እጠቀልላለሁ።»

በኦሮምኛ ጥቂት ተናገሩ። እኔ በባሕሪዬ ሰው ፊት የምቆም ሰው አይደለሁም። ግን ቃሌን አላነሣሁም። በመጨረሻ ሳቁና እንዲህ ተስማማን፦ ያነበብኩት ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ያላነበብኩት የሁለት ኪሎው የሚዛን ብረት ሥር ይቀመጣል። ከብረቱ ሥር ማንም አይነካም።

ዓመቱን እንዲያ ኖርኩ። ግጥም ፈጥኖ ስለሚያልቅ፣ ስኳር ገዢውም ብዙ ስለሆነ፣ ግጥሙን ከመቅደዴ በፊት በቃሌ መያዝ ነበረብኝ። ስኳር እየመዘንኩ እደግመዋለሁ። ደንበኛ ጸሎት የማደርስ ይመስለዋል። ሁሉን ወደድኩት አልልም። አንድ መጽሐፍ ነበረ፣ ታዛዥ ልጅ ሁልጊዜ የሚሸለምበት፣ የማይታዘዘው ሁልጊዜ ጉድጓድ የሚገባበት። እሱን ገና እኩሌታው ላይ ሳለሁ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩትና ለበርበሬ አደረግሁት።

በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ጸሐፊ ነበር፣ ሁልጊዜ ክራባት የሚያስር፣ ስኳር ከእኛ የሚገዛ። አንድ ቀን ከጆንያው ኋላ ሳነብ ደረሰብኝ።

«ምንድነው የምታየው?» ብሎ ከእጄ ወሰደው። ገለጠ፣ ሳቀ። «ይሄ እኮ ለሕፃናት ነው። በአንተ ዕድሜ ያለ ሰው ሚስት አግብቶ ሁለት ይወልዳል። አንተ ነህ ይህን የምታነበው?»

በረንዳው ላይ ሰው ሞልቷል። ፊቴ ጋለ።

«ኧረ እኔ አይደለሁም፣ ጌታዬ» አልኩ። «ለመጠቅለያ ስመርጥ ነው።»

ያን ያልኩትን ቃል ለብዙ ቀን ጠላሁት። ሐጂን «አልቀድም» ያልኩ ሰው፣ ክራባት ሳይ ካድኩ። የማነበው ዱሮ ስለቀረብኝ ነው፤ ልጅ ሳለሁ ሊነበብልኝ የሚገባው ሁሉ በዚያ ካርቶን ውስጥ ነበር። ይህን ማለት ስችል አላልኩም።

ካርቶኑ ሊያልቅ ሲል የመጨረሻውን መጽሐፍ ጀመርኩ። ሽፋን ስለሌለው ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው። አባቷ የስልክ ሽቦ ጠባቂ ነው፤ ከአንዱ የስልክ እንጨት ወደ ሌላው በእግሩ እየሄደ የላላውን ያጠብቃል፣ የተበጠሰውን ይቀጥላል። ወባ ያዘውና ተኛ። መተኛቱ ከታወቀ መሥሪያ ቤቱ ከሰጠው ጎጆ ይወጣሉ። ልጅቷ የአባቷን ካፖርት ለበሰች፣ ባርኔጣውን አጠለቀች፣ ጉጠቱን ይዛ ሽቦውን መጠበቅ ጀመረች። ክረምቱን ሁሉ በአባቷ ስም ሠራች። ከዚያ ተቆጣጣሪው በበቅሎ መጣ። አንድ የተቀጠለ ቦታ ላይ ቆመና ቋጠሮውን አየ፤ የአባቷ እጅ አይደለም። «ይህን ሽቦ የቋጠረው ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

እዚያ ላይ የቀረኝ አንድ ቅጠል ወረቀት ብቻ ነበር። ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ አየሁና ቅጠሏን ከብረቱ ሥር መለስኳት። ከጓዳ ላምባ ቅዳ ተባልኩ። የገበያ ቀን ነው፣ ሰው እንደ ንብ ሰፍሯል። ላምባውን ቀድቼ ስመለስ የሁለት ኪሎው ብረት ሚዛኑ ላይ ነው። ከሥሩ የነበረው ቅጠል የለም።

«ሐጂ፣ እዚህ የነበረው ወረቀትስ?»

«ለስኳር አደረግሁት።»

«ከብረቱ ሥር እኮ ነው!»

«ብረቱን ፈለግሁት። ወረቀቱ ደግሞ ግጥም ነበር፤ ግማሹ ባዶ ነው። ግጥም ለስኳር አይደለም እንዴ?»

ያኔ ገባኝ። የታሪክ መጨረሻ ገጽ ከላይ ጥቂት መሥመር ይኖረዋል፣ የቀረው ነጭ ነው። ሐጂ አላነበቡትም፤ በዓይናቸው ለዩት፣ እንደ ሕጋቸው ለስኳር አዋሉት። የተሳሳቱት ነገር የለም ማለት ይቻላል። እኔ ግን ልጅቷን ተቆጣጣሪው ፊት አቁሜ መኖር አልቻልኩም።

«ለማን ሸጡት?»

«ለባለ ግራጫ ፈረሷ ሴት። ልጇ ወልዳለች፣ ወደ ሮቤ መንገድ ነው የሄደችው። ምን ልታደርግ ነው?»

ሽርጤን ፈትቼ ባንኮኒው ላይ አደረግሁ።

«ዛሬ ገበያ ነው!» አሉ። «ከወጣህ አትመለስ!»

ወጣሁ። ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝም፤ ሲጠሩኝ እየሰማሁ ግን ዞር አላልኩም። በሮቤ መንገድ ቁልቁል ሮጥኩ። ሴትዮዋን ያገኘኋት ወንዙ ዳር ነው፣ ፈረሷን ውኃ ታጠጣለች። በዕድሜ የእናቴ እኩያ ናት።

«አካም ጅርታ፣ አዴ» ብዬ ሰላም አልኳት እያለከለክሁ።

«ናጋዳ። ምነው፣ ምን ሆንክ፣ ልጄ? ሐጂ ስኳር አጉድለውብኝ ነው?»

«አላጎደሉም። ስኳሩ የእርስዎ ነው። እኔ የምፈልገው ወረቀቱን ነው።»

አንዴ እኔን፣ አንዴ ጥቅሉን አየች። «ወረቀት ለመፈለግ ነው ከጎባ እስከዚህ የሮጥከው? የመንግሥት ነው?»

«የመንግሥት አይደለም። የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው። መጨረሻው እዚያ ላይ ነው።»

«የማን ልጅ?»

የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋችና ስኳሩን ገለበጠችበት፣ ቋጠረችው። ወረቀቱን ግን አልሰጠችኝም። «መጀመሪያ ልጅቷ ማን እንደሆነች ንገረኝ» አለች። ፈረሱ ጎን እየሄድኩ፣ ካፖርቱን፣ ባርኔጣውን፣ ክረምቱን፣ ሁሉን በኦሮምኛ ነገርኳት። ተቆጣጣሪው ጋ ስደርስ ፈረሱን አቆመች። ወረቀቱን ሳትለቅ ዘረጋችልኝ። «አንብብ።»

ስኳር አርጥቦት ነበር፣ ግን ይነበባል። ሰባት መሥመር ነው። ልጅቷ ባርኔጣውን አወለቀች። «እኔ ነኝ» አለች። ተቆጣጣሪው ሽቦውን ይዞ አንዴ ሳበው፣ ደግሞ ሳበው። ሽቦው አልላላም። በቅሎው ላይ ወጣና ወደሚቀጥለው እንጨት ሄደ። ታሪኩ አለቀ።

«ከዚያስ?» አለች ሴትዮዋ።

«አለቀ።»

«ከጎጆው አስወጧቸው?»

«አይልም።»

«እንግዲያ የጻፈው ሰው ሰነፍ ነው» አለች። ወረቀቱን ደግማ አየችና «ዱጋ፣ በእውነት፣ ግን ‹እኔ ነኝ› ማለቷ ደግ አደረገች። ዝም ብትል ኖሮ አባቷን ነበር የሚይዙት» አለች።

ወረቀቱን እንድትሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ። አጥፋ በቀሚሷ ደረት ውስጥ ከተተችው።

«ከስኳሬ ጋር የመጣ ነው። የተወለደችው ሴት ናት፤ ስታድግ የሚያነብላት አይጠፋም። አንተማ አንብበኸዋል።»

እውነቷን ነው፣ አንብቤዋለሁ። ሕጌም ይኸው አልነበረም እንዴ? ያነበብኩትን እለቃለሁ ብያለሁ። መርቃኝ ሄደች።

ስመለስ ሱቁ እንዳለ ነው፣ ሰው ባንኮኒውን ከቦታል። ሐጂ ብቻቸውን ላብ በላብ ሆነዋል። ክራባት አሳሪው ጸሐፊ ከፊት ቆሟል፤ ወሬው ደርሶታል።

«ይኸው መጣ!» አለ ጮክ ብሎ። «የሕፃናት ታሪክ ለማንበብ በገበያ ቀን ሱቅ ጥሎ የሮጠው አንተ ነህ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ፊቴ አሁንም ጋለ፣ አልዋሽም። ሽርጤ የተውኩት ቦታ ነበር። አነሣሁና አሰርኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ዓመቱን ሙሉ ሳነብ የነበርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀንም አይደለሁም ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ስንት ኪሎ ላድርግልዎት?»

ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ አብሮት የሚስቅ አጣ። ከኋላ አንዱ «ተወው ባክህ፣ ተራችን ይድረስ» አለ። ሐጂ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ ቀና ብለው ግን አላዩኝም፣ ሚዛኑን ወደ እኔ ገፉት።

«ግማሽ ኪሎ» አለ ጸሐፊው።

ቅርጫቱ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። የወደድኩት አንድ ግጥም ነበር፣ ሁለት መሥመር ብቻ ያለው፦

ጭጋግ ሆይ ተነሣ፣ ተራራው ይታየኝ፤
መንገዴን አውቃለሁ፣ ቆመህ አታዘግየኝ።

በቃሌ ስለማውቀው አልሳሳሁለትም። ጽሕፈቱ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጌ እንደ ቀንድ አሾልኩት፣ ስኳሩን ሞላሁበት፣ ከደንኩትና በሁለት እጄ ሰጠሁት።