የወንድሜን ኡቡንቱ የቀየርኩ ቀን

ወንድሜ ከሞተ ስምንት ወር አልፎ ነበር። ላፕቶፑ ግን አሁንም በእሱ ስም ነበር የሚከፈተው። ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን ሥርዓት፣ ኡቡንቱን፣ የጫነበት እሱ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ እዚሁ ሰቆጣ ያገለግላሉ። የኽምጣንጋ ቋንቋ ቃላት ከነአማርኛ ፍቺያቸው እየሰበሰቡ በዚያ ላፕቶፕ ይጽፋሉ። አጠገባቸው ተቀምጦ መጻፍ ያስተማራቸውም ወንድሜ ነው።

ማሽኑ አርጅቷል። የተጫነው ኡቡንቱም የቆየ ስለሆነ ማሻሻያ መምጣቱ ከቀረ ሰንብቷል። አባቴ አንድ ቃል ጽፈው እስኪታይ ድረስ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠብቃሉ። እኔ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ መፍትሔው ጠፍቶኝ አልነበረም። አዲሱ ኡቡንቱ ለዚህ ማሽን ይከብዳል። ዴቢያን የሚባለውን ሌላ ሥርዓት አስቤ ነበር፤ ግን እኔ ሳልኖር አባቴ ብቻቸውን እንዲጠቀሙበት ሚንት የሚባለው ይቀላል። ይህን ሁሉ አውቄ ወራቱን "ነገ፣ ነገ" እያልኩ ጨረስኳቸው። ከሐዘን ብዛት አልነበረም። ምንም አይሰማኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ጽጽቃ የምታስተምር ጓደኛዬ ሚንትን በፍላሽ ይዛልኝ መጣች። ያን ጠዋት መብራት ነበር። ባትሪው ስለማይሠራ መብራቱ ሳይሄድ መጨረስ ነበረብን። የአባቴን ጽሑፎችና የወንድሜን ፎቶዎች ወደ ሌላ ፍላሽ ገለበጥኩ።

"መጀመሪያ ሳንጭነው ከፍላሹ እናስነሣውና እንየው" አለች። "እስከዚያ ምንም አይጠፋም።"

ተነሣ። የአማርኛውን ፊደል አስተካክዬ አባቴን ጠራኋቸው።

"አባዬ፣ እስቲ ይሞክሩት።"

ተቀምጠው ጻፉ። ፊደሉ ከጣታቸው እኩል ወጣ።

"የእሱስ?" አሉ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ።

"እርስዎ የጻፉት ሁሉ ተቀምጧል። ፎቶዎቹም አሉ። ሌላው ይጠፋል።"

"ስሙም?"

"አዎ፣ ስሙም።"

"እኔ ፊደሉ ከፈጠነልኝ ይበቃኛል፤ አንቺ እንዳልሽ አድርጊ" ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

መጫን ስንጀምር ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ መጣ። ጓደኛዬ እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች።

"አንቺ ተጫኚው። ካልፈለግሽም እንተወው፤ ቅር አይለኝም።"

የሆነ ነገር እስኪሰማኝ ጠበቅሁ። በደጅ ሰዎች ፍየል እየነዱ ወደ ገበያ ያልፋሉ። የጓደኛዬ ጫማ በመንገድ አቧራ ነጥቷል። ተጫንኩት።

እስኪጨርስ ምሳ በላን። ስለ ተማሪዎቿ አወራችኝ፤ መሳቅ ያለብኝ ቦታ ላይ ሳቅሁ። ማሽኑ የተጠቃሚ ስም ሲጠይቅ የአባቴን ጻፍኩ፤ ጽሑፎቹንና ፎቶዎቹንም መልሼ ገለበጥኩ። ከሰዓት በኋላ መጥተው ካቆሙበት ቃል ቀጠሉ፤ ስለ ጠዋቱም አላነሡም።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት፣ ላፕቶፑን በከፈትኩ ቁጥር ጣቶቼ የወንድሜን የይለፍ ቃል ይጽፋሉ። ማሽኑ ስሕተት ነው ይለኛል። አጥፍቼ አዲሱን እጽፋለሁ። መቼ እንደተውኩት አላስታውስም።