አጥር የተሻገረ አደንጓሬ

አቦቦ ውስጥ ቂምን እንደ ግሬስ አሳምሮ የሚያበቅል ገበሬ የለም። አደንጓሬዋን ከበቆሎው ሥር ዘርታ በአገዳው ላይ ታወጣዋለች። ሐረጉ ሲያድግ ለጉድ ነው፤ አጠገቡ ቆሞ ወሬ ያበዛ ሰው ተጠምጥሞበት ተገኝቷል ይባላል።

አምና ታዲያ ሐረጉ የጎረቤቷን የኦቻንግን አጥር ተሻገረ። እሱም አጥሬ ላይ የወጣ የእኔ ነው ብሎ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ለቀመው። ግሬስ ከሰሰች፤ ሽማግሌዎቹ ሦስት ሳምንት ሙሉ እሱ የቀቀለውን አደንጓሬ እየበሉ መከሩና ለእሱ ፈረዱ። ከመብል የተረፈው፣ ከእናቷ የወረሰችው ዘር አንዲት ሳትቀር የኦቻንግ ቅል ውስጥ ገባ። ቅሉንም በሯ ትይዩ ሰቀለው።

ግሬስ አልተሳደበችም። ዘንድሮ አጥሩ ሥር ሌላ ዓይነት አደንጓሬ ተከለች፤ መሬት ለማዳበርና አረም ለማፈን የሚዘራውን፣ ፍሬው ቡናማ ጠጉር የለበሰውን። የሚያውቀው ሰው ጤዛው ሳይደርቅ እጁን ሸፍኖ ይለቅመዋል። ፀሐይ ከመታው ግን ጠጉሩ በነፋስ ይነሣል፤ አዞ ላይ ቢያርፍ አዞው ቆዳውን አውልቆ ይሄዳል።

ኦቻንግ ዓሣ አጥማጅ ነውና ከአደንጓሬ የሚያውቀው መብላቱን ብቻ ነው። አጥሩን የተሻገረውን ፍሬ በቀትር፣ ካናቴራውን አውልቆ፣ በሁለት እጁ ይሸመጥጥ ጀመር። ግሬስ በርጩማ አውጥታ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ማስጠንቀቅ ትችል ነበር። ማንጎ ላጠች።

በሦስተኛው እፍኝ አንገቱን አከከ፤ ቀጥሎ ደረቱን፤ ከዚያ እጅ አነሰው። ጀርባውን አጥሩ ላይ ሲፈትግ አሥር ክንድ አጥር አፈረሰ። ውሃ ተደፋበት፤ ባሰበት።

«ግሬስ፣ እህቴ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«አደንጓሬህ ነዋ። አጥርህ ላይ የወጣ ያንተ ነው አልተባለም?»

ጠጉሩን ከገላ የሚለቅመው ሊጥ ነው፤ እሷም ከጠዋት አቡክታ ጠብቃዋለች። ግን የሊጡን ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ይምጡ አለች። መጡ። ኦቻንግ ጠጋ ብሎ ሲያስረዳቸው እነሱንም ያሳክካቸው ጀመር። አንዱ ብብቱን፣ አንዱ ጆሮውን እያከከ፣ ሐረጉ የትም ይውጣ ፍሬው የተካዩ ነው ብለው ቆመው ፈረዱ።

ግሬስ በሊጡ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን አዳነች። ከዚያ የኦቻንግን ሁለት ክንድ።

«ጀርባዬስ?»

«ጀርባህ ዘሬ ሲመጣ።»

እየሮጠ ቅሉን አምጥቶ ፊቷ ዘረገፈው። ግሬስም ሊጡን በጨርቅ ሸፈነችና ነቀዝ የበላውን ከደኅናው፣ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል ትለቅም ጀመር።